የስልሳ ላሜራ ልክ

ባለፈው ጥቅምት ሴቻ ከሚገኘው ክሊኒክ ዓይኔን ልታከም ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ከኋላዬ "ቲቸር ታደሰ!" የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ጠጉሯ ግማሽ በግማሽ የሸበተ፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል ያደረገች ሴት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት። ስሟ ከመምጣቱ በፊት አቀማመጧ መጣልኝ፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ አጠገብ። ትዕግሥት ናት። አስራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳት ልጅ። አጠገቧ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የምትማር ልጇ ቆማለች። "ይኸውልሽ፣ እኔን ካልኩለስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠመኔ ይዘው ተሳስተው አያውቁም" አለቻት። ልጅቱ ፈገግ ብላ "ምን ምን ተማርሽ?" ስትላት እናትየው "ማክሲመም ሚኒመም ነዋ፤ የላሜራውን" አለችና ድንገት መሬት መሬት አየች። እኔም መሬት መሬት አየሁ። የሰጡኝን የወረፋ ቁጥር ሲጠሩ ሳልሰማ አለፈኝ። ያን ቀን ዓይኔን ሳልታከም ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

አርባ ምንጭ ስመጣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ከታች እንደ ደወል የሚሰፋ አንድ ቡና ዓይነት ሱሪ፣ ከዚያ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የወጣሁት ብዙ ትዕቢት። ከተማዋ እንደ ዛሬው ሆቴል በሆቴል አልነበረችም። ሴቻ ላይኛው ነው፣ መሥሪያ ቤቱና ነፋሱ እዚያ፤ ሲቀላ ታችኛው ነው፣ ገበያውና ሙቀቱ እዚህ። በሁለቱ መሃል ያለውን ቁልቁለት በእግራችን ስንወርድ በግራ የአባያ ቀይ ውሃ፣ በቀኝ የጫሞ ሰማያዊ ይታየናል። ከጫኖ የሚመጣው ሙዝ በስሙኒ አንድ እጅ ሙሉ ነበር፤ ሻጮቹ ደግሞ ቆመው እያዩህ አንዱን ልጠው ያቀምሱሃል። ተማሪዎቻችን ኮንጎ ጫማ ነበር የሚያደርጉት፤ ሙቀቱ ሲበረታ ክፍሉ በሙሉ ጎማ ጎማ ይሸታል። ጠዋት ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሰልፍ የሚያስረግጥ ዘፈን ይለቃል፤ ማታ ማታ ሲቀላ ያለችው ሻይ ቤት ቴፗ ላይ የፍቅር ዘፈን ታስገባና ካድሬ በበሩ ሲያልፍ ድምፁን ትቀንሰዋለች። ስንት ዓመተ ምሕረት እንደነበር ብጠየቅ ዛሬ ይምታታብኛል። የሻይ ቤቷን ብርጭቆ ግን አልረሳውም፤ ወገቡ ላይ ቀይ መስመር ነበረው።

ሲቀላ ገበያ ጫፍ የቆርቆሮ ሠሪዎች ተራ ነበር። ሦስተኛዋ ደጃፍ የጋሽ ዳና ነበረች። ጋሽ ዳና የገረሴ ሰው ናቸው፤ ከደጋው ወርደው ባልዲ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ኩራዝ፣ አሸንዳ ሲሠሩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቻቸው በመቀስ የተጫጫሩ፣ ቆርቆሮ በሚያጣብቁበት በቀለጠው ስታኞ የተጠባበሱ። የሚሄዱበት የወንጌላውያን ጸሎት ቤት በዚያን ጊዜ ታሽጎ የእህል መጋዘን ሆኗል። ስለዚህ ሥራ ላይ ሲሆኑ መዝሙሩን አፋቸውን ሳይከፍቱ በአፍንጫቸው ያዜሙታል፤ ሰው ሲመጣ ያቆማሉ። አማርኛቸው የተማሩት ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ የሚያደርጉበት ጊዜ አለ። እኔ ያኔ ይህ ያስቀኝ ነበር። ዛሬ የእሳቸውን ቋንቋ፣ ጋሞኛን፣ ስናገር የሚሰማኝ ሰው ምን ያህል እንደሚታገሰኝ ሳስብ ያ ሳቄ ያሳፍረኛል፤ ግን ከዚህ የከፋ የሚያሳፍረኝ አለ።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። የጫሞ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ዓሣውን በበረዶ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ሣጥን ፈለገ። ከሆነ መጋዘን ስልሳ ላሜራ ተሰጠው፤ እያንዳንዱ በአራቱም ጎን ዘጠና ሳንቲ ሜትር። ላሜራ እንደ ወርቅ የሚታይበት ጊዜ ነበር። ሥራው ለጋሽ ዳና ተሰጠ። ትምህርት ከምርት ጋር ይያያዝ የሚባልበት ወቅት ስለነበር የማኅበሩ ሰዎች ትምህርት ቤታችን መጥተው "እናንተስ ምን ታግዙናላችሁ?" አሉ። እኔ እጄን አወጣሁ። "ከአንድ ላሜራ ብዙ ዓሣ የሚይዘውን ሣጥን አስልቼ እሰጣችኋለሁ" አልኩ። ማንም አላዘዘኝም።

ሒሳቡ ለማያውቅ ሰው እንኳ ቀላል ነው። ከላሜራው አራት ማዕዘን ላይ አራት ትንንሽ እኩል ካሬዎች ትቆርጣለህ፤ የቀረውን ወደ ላይ ታጥፈዋለህ፤ ክዳን የሌለው ሣጥን ይሆናል። ትንሽ ከቆረጥክ ሣጥኑ ሰፊ ግን ጎድጓዳነት የሌለው ትሪ ነው። ብዙ ከቆረጥክ ጥልቅ ግን ጠባብ ይሆናል። በመካከል አንድ ቦታ ከሁሉም የበለጠ የሚይዝ ልክ አለ። እሱን ለማግኘት፣ ቁርጡን በጥቂቱ ስንጨምር የሣጥኑ ይዘት በምን ያህል እንደሚለወጥ እንጠይቃለን። እየጨመረ ከሆነ ገና አቀበት ላይ ነን። እየቀነሰ ከሆነ አልፈነዋል። ለውጡ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ላይ ወይ ጫፉ ላይ ነን፣ ወይ ደግሞ ታች ወለሉ ላይ። ስለዚህ ለተማሪዎቼ ዘወትር "ዜሮ ስታገኙ አትደሰቱ፤ በፊቱና በኋላው ያለውን ቁጥር አስገብታችሁ ፈትሹ" እላቸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ዳና አንዱን ላሜራ ተሸክመው ክፍል ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ሰሌዳው አጠገብ ቆሙ። ሃምሳ ተማሪ ያያቸዋል።

"በስንት ልትቆርጠው አስበሃል?" አልኳቸው። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሰው አንተ ነው ያልኳቸው። እሳቸው እኔን እርስዎ ይሉኛል።

"ሁለት ጋት" አሉና አራት ጣታቸውን ገጥመው ላሜራው ጠርዝ ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፉ።

"ለምን ሁለት ጋት? ምክንያትህ ምንድን ነው?"

"ዓሣው ረጅም ናት፣ መምህር። ጠባብ ቤት አትገባም። ደግሞ ድሮ ባልዲ ስሠራ ውሃ ሞልቼ አይቼዋለሁ። ሁለት ጋት ብዙ ትይዛለች።"

"'አይቼዋለሁ' ማስረጃ አይሆንም" አልኩ ወደ ተማሪዎቹ ዞሬ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጠመኔ አነሳሁና ቁርጡን ኤክስ አልኩት፤ የሣጥኑ ወለል ጎን ዘጠና ሲቀነስ ሁለት ኤክስ፤ ይዘቱ ኤክስ ሲባዛ በዚያ ካሬ። እጄ ይሮጥ ነበር። ቅንፉ ውስጥ ያለችው ሁለት ቁጥር፣ ለውጡን ስናሰላ ወደ ውጭ ወጥታ መባዛት ነበረባት። ረሳኋት። ከዚያች ሁለት ቁጥር በቀር ሁሉም ትክክል ነው። ዜሮ አደረግሁት፤ ሁለት መልስ መጣ። አርባ አምስት፤ እሱ ላሜራውን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ይጨርሰዋል፣ ሣጥን የለም። ሌላው ሃያ ሁለት ተኩል። ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩ። በፊቱና በኋላው ያለውን አልፈተሽኩም። ደወሉ ሊደወል ነበር፤ ሰው ቆሞ እያየኝ ነበር፤ ቁጥሩም ያማረ ነበር፤ የዘጠና ልክ ሩብ።

ጋሽ ዳና ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። "ይቺ ጥልቅ ናት፣ መምህር። ጠባብ ትሆናለች።"

"ሒሳብ አይሳሳትም፣ ዳና።"

"እሺ። እርስዎ ካሉ" አሉና ኮፍያቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን ላሜራ በማስመሪያዬ የለካሁላቸው እኔ ነኝ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ስልሳውም ተቆረጠ፣ ታጠፈ፣ ተበየደ። የጫሞ ትልልቅ ዓሦች ከክንድ ይረዝማሉ፤ የሣጥኑ ወለል ግን ክንድ አይሞላም። በጭነቱ ቀን አስጋሪዎቹ ዓሣውን አጥፈው፣ ጅራቱን ወደ ላይ አቁመው፣ አንዱን በአንዱ ላይ ጠቅጥቀው ጫኑ። በረዶው ከላይ ቀረ፤ ከታች ያለው ተጨፈለቀ። መኪናው ሶዶ ሳይደርስ ሸተተ፤ ተመልሶ መጣ። ሲቀላ በሙሉ ለሦስት ቀን ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ወሬውን መምህራን ማረፊያ ሰማሁ። ወደ ቤቴ ሮጥኩና ወረቀት አወጣሁ፤ የሰሌዳውን ሒሳብ እንደገና ስሠራው፣ በሦስተኛው መስመር፣ የረሳኋትን ያቺን ሁለት ቁጥር አገኘኋት። ትክክለኛው መልስ አስራ አምስት ነው። በአስራ አምስት ቢቆረጥ ኖሮ እያንዳንዱ ሣጥን ሃምሳ አራት ሊትር ይይዝ ነበር፤ በእኔ ልክ ግን አርባ አምስት ተኩል ገደማ። አራት ጣቴን ገጥሜ ማስመሪያው ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፍኩ። አስራ አምስት ሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ጥፋት ስሙ ስሕተት አልነበረም፤ አሻጥር ነበር። ጋሽ ዳናን ፊት ለፊት አቁመዋቸዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ማርታ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። አንደኛው ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ካድሬው ወደ እኔ ዞረ።

"ጓድ ታደሰ፣ ለዚህ ሰው የሰጠኸው ልክ ስንት ነበር?"

ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ብዙ የቆየሁ አይመስለኝም። ያ ነው የሚያሳፍረኝ።

"አስራ አምስት" አልኩ።

ጋሽ ዳና ቀና ብለው አዩኝ። "መምህር?" አሉ።

"እስቲ ለሕዝቡ አስረዳ" አለኝ ካድሬው። ጥቁር ሰሌዳ ነበር፤ ጠመኔ ሰጡኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥርት አድርጌ ሒሳብ ሠርቼ አላውቅም። ያቺን ሁለት ቁጥር በቦታዋ አስቀመጥኳት። በአስር ቢቆረጥ አርባ ዘጠኝ ሊትር፣ በሃያ ቢቆረጥ ሃምሳ፣ በአስራ አምስት ሃምሳ አራት፤ በፊቱም በኋላውም ፈተሽኩ። ለተማሪዎቼ የምለውን ሁሉ አደረግሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ጋሽ ዳና እጃቸውን ዘረጉ። "ሁለት ጋት አስራ አምስት ናት! እኔ ያኔም ሁለት ጋት ነው ያልኩት። ልጆቹ ሰምተዋል።"

"ታዲያ ትክክለኛውን እያወቅህ ነዋ ያበላሸኸው!" አለ ካድሬው። አዳራሹ ተንጫጫ። ጋሽ ዳና ያወቁት እውነት በራሳቸው አንገት ላይ ገመድ ሆነ። ከዚያ አንድ ሰው "ጸሎት ቤቱ የተዘጋበት ሰው ነው፤ ቂም አለው" አለ፤ ነገሩ አለቀ። ሲወስዷቸው በአጠገቤ አለፉ። እኔ ጣቴ ላይ ያለውን ጠመኔ እጠርግ ነበር።

ሰኞ ክፍል ገባሁና "ያን ጊዜ የገለበጣችሁትን የላሜራ ጥያቄ አርሙ፤ መልሱ አስራ አምስት ነው" አልኩ። ትዕግሥት እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ያኔ ግን ሃያ ሁለት ተኩል ነበር። ጋሽ ዳና..."

"ተሳስተሽ ገልብጠሽ ነው። ቁጭ በይ።"

ቁጭ አለች። ሃምሳ ላጲስ በአንድ ጊዜ ወረቀት ሲፈገፍግ ሰማሁ። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም እንደማውቅ ያውቃል። ትዕግሥት ከሁሉም በኋላ ነበር ላጲሷን ያነሳችው። ሃምሳ ልጅ የዋሸሁትን ውሸት በእጁ እንዲጽፍ ያደረግሁት በዚያች ሰኞ ነው፤ እኔ ብቻዬን ብበድል ይሻል ነበር።

ወይዘሮ ማርታ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ቤቴ መጣች። በዘንቢል ማንጎ ይዛ ነበር። አልተቀመጠችም። "አንድ ቃል ብቻ ነው፣ መምህር። ቀበሌ ሄደህ አንድ ቃል በል። አልተቀየምንህም" አለችኝ። "አስብበታለሁ" አልኳት። ማንጎውን ደጃፍ ላይ አስቀምጣው ሄደች፤ አልበላሁትም፣ አልመለስኩትምም፤ እዚያው በሰበሰ። ጋሽ ዳና አንድ በጋና አንድ ክረምት ታሰሩ። ሲፈቱ የሥራ ደጃፋቸው ለማኅበር ተሰጥቷል፤ መቀሳቸውና መዶሻቸው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ገረሴ ወጡ። እኔ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮከብ መምህር ተብዬ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ፈረምኩና ተቀበልኩ። ለዓመታት ካልኩለስ ሳስተምር የላሜራውን ጥያቄ እዘለው ነበር፤ መጽሐፉ ውስጥ ሲመጣ "ይህን ቤታችሁ ሥሩት" እላለሁ።

መንግሥት ተለወጠ። ድምፅ ማጉያው ዝም አለ፤ ጸሎት ቤቱም ተከፈተ፤ እሑድ እሑድ መዝሙሩ እስከ ሴቻ ይሰማ ጀመር። ከዚያ በኋላም ዓመታት ቆይቼ አንድ የገበያ ቀን በጭነት መኪና ገረሴ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጉሙ የእንሰቱን ቅጠል ሸፍኖታል። ጋሽ ዳናን ገብስ ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። አርጅተዋል፣ ከወገባቸው ጎበጥ ብለዋል። ስሜን ሳልነግራቸው አወቁኝ። ቤት አስገቡኝ፤ ወይዘሮ ማርታ ቆጮና ጎመን አቀረበች፤ ሳታየኝ አቀረበች። አንቱ ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ያቺን ሁለት ቁጥር፣ ያን ቀን የለበስኩትን ልብስ ሳይቀር። አልቅሼም ነበር።

ጋሽ ዳና እስክጨርስ ጠበቁኝ። "ፈርተህ ነው። እኔም እዚያ ቆሜ ፈርቼ ነበር። ፍርሃቷን አውቃታለሁ" አሉ። አንተ አሉኝ፤ ደስ አለኝ። "ግን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ ድሮም አውቃለሁ። እዚህ ገረሴ ማንም አሻጥረኛ ብሎኝ አያውቅም። የተባልኩት ሲቀላ ነው። እዚያ ንገራቸው።"

"እነግራለሁ፣ ጋሽ ዳና።"

"መቼ?"

"በዚህ ወር።"

በዚያ ወር ፈተና ነበር። በሚቀጥለው ሚስቴ ታማ ነበር። ከዚያ ደግሞ ርዕሰ መምህር እሆናለሁ ተብሎ ስሜ ተነስቶ ነበር። እንዲህ እያልኩ ስምንት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከገረሴ የመጣ ተማሪ "የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ቆርቆሮ ሠሪ የነበሩት፣ ባለፈው ክረምት ተቀበሩ" ብሎ በወሬ መሃል ነገረኝ። "እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር" አልኩና ትምህርቴን ቀጠልኩ። ከዚያ ሌላ ብዙ ዓመት ሄደ። ጡረታ ወጣሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ ትዕግሥትን ካገኘኋት ከአራት ቀን በኋላ፣ ያለ ሥራ፣ ያለ ቀጠሮ፣ ሲቀላ ወረድኩ። የቆርቆሮ ሠሪዎቹ ተራ አሁንም አለ፤ አጠረ እንጂ። ባልዲው ሁሉ ፕላስቲክ ሆኗል። ወጣቶች በኤሌክትሪክ መቁረጫ የበር ላሜራ ይቆርጣሉ። ሦስተኛው ደጃፍ የነበረበት ቦታ የሞባይል ሱቅ ነው። ልጆቹን "ዳና የሚባሉ ሰው ታውቃላችሁ? ድሮ እዚህ ይሠሩ የነበሩ?" አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ወደ ጓሮው ተጣሩ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ ሽማግሌ አንገቱን አወጣ።

"የቱ ዳና? ያ አሻጥረኛው? የማኅበሩን የዓሣ ሣጥን ያበላሸው?"

ከመላው ሲቀላ እሳቸውን የሚያስታውስ አንድ ሰው ተገኘ፤ የሚያስታውሳቸውም በእኔ ቃል ነበር።

"አይደሉም" አልኩ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ።" ልጆቹ መቁረጫውን አጠፉ። ቆሜ፣ ምርኩዜን ይዤ፣ ከሐሙሱ ጠዋት ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ሁለት ጋት ያሉት እሳቸው እንደነበሩ፣ ሃያ ሁለት ተኩል ያልኩት እኔ እንደነበርኩ፣ አዳራሹ ውስጥ አስራ አምስት ያልኩት ውሸት እንደነበር። ስጨርስ አንዱ ልጅ ውሃ አመጣልኝ። ሽማግሌው ግን መዳፎቹን ገልብጦ ሲያያቸው ቆየ።

"እኔ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ" አለኝ በመጨረሻ። "ላንተ አጨብጭቤያለሁ።"